ረግጠህ ያዝ

ኅዳር 9

ለምወድህ አጎቴ፣

እንዴት ከረምክልኝ? ያ ጉልበትህስ? የጋራዡ በር አሁንም በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም? እኔ ደህና ነኝ። ሁላችሁንም በያላችሁበት ደህና ያቆይልኝ።

በወረቀት የምጽፍልህ ወድጄ አይደለም። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ፤ ሦስቱንም ጊዜ ገና ስለ መኪናው ስጠይቅህ መስመሩ ተቆረጠ። ሌላ ሌላውን ስናወራ ግን አይቆረጥም። ደብዳቤ ቢዘገይ እንጂ አይቆረጥም። ይህን የሚያደርስልህ ሰው አብሮኝ የሚሠራ ነው። መልስህን እህቱ ቤት ብትተውለት ለእኔ ይደርሰኛል።

አባዬ ስልክ አልቀርብም ካለ ይኸው ወር ሞላው። አደጋው በደረሰ በማግስቱ አንድ ጊዜ ብቻ አናገረኝ። "ረግጬ ያዝኩ። እንዳልሽው። አልያዘም" አለኝና ስልኩን ለጎረቤት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። አባዬ የገጨው ልብስ ሰፊ በሦስተኛው ቀን ማረፉን የሰማሁት ካንተ ነው።

"እንዳልሽው" ያለው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። መኪናውን ከዚህ ከሰው አገር የላክሁለት እኔ ነኝ። አሮጌ ነው፣ ግን ኤቢኤስ አለው። አባዬ ደግሞ አርባ ዓመት የነዳው ኤቢኤስ የሌለው መኪና ነው። አስፋልቱ ሲረጥብ ጎማው ታስሮ እንዳይንሸራተት ፍሬኑን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ያደርግ ነበር። ኤቢኤስ ባለው መኪና ግን ይህ ስህተት ነው። አንተ ረግጠህ ትይዛለህ፤ ረገጥ ለቀቁን መኪናው ራሱ ካንተ እግር በፈጠነ ይሠራዋል። ይህን ዓመት ሙሉ ነዘነዝኩት። "ረግጠህ ያዝ፣ አትልቀቅ" እያልኩ። አንተም "አስተማሪዋ" እያልክ ትስቅብኝ ነበር። በመጨረሻ የድሮውን ተወ። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው እግርን አዲስ ነገር ማስለመድ ቀላል አይደለም።

አሁን የትራፊክ መርማሪው "ፍሬኑ ደህና ነው፣ የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት የለም፣ አሽከርካሪው በጊዜ አልያዘም" ብሎ ፈርሟል። እንዲህ ከቀረ አባዬ ይታሰራል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። መኪናውን የምትጠግነው አንተ ነህ። ኤቢኤሱ ይሠራ ነበር ወይስ አይሠራም ነበር?

አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ እንጃ። ጠዋት እሄዳለሁ፣ አሮጌ መኪና እፈታለሁ፣ ክፍሎቹን በመደርደሪያ አስቀምጣለሁ፣ እመለሳለሁ። በአየር የሚሠራው መፍቻ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው የዋለ እጅ ማታ ምንም አይሰማውም፤ መላ አካሌ እንደዚያ ሆኗል።

የወንድምህ ልጅ


ኅዳር 30

ለውዷ የወንድሜ ልጅ፣ ለአስተማሪዋ፣

ከነጥቀርሻዬ፣ ከነዘይቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ግን አልጋ ላይ ካልሆነ ደስ አይለውም። በሩንም ትናንት ገፍቼው ትከሻዬ ዞረ። ክፉ አይንካሽ፣ ያሰብሽው ይሙላልሽ።

ስልኩን የሚቆርጠው ኔትወርኩ ነው፤ እኔ ምን በወጣኝ።

አባትሽ ደህና ነው፤ ደህና ከተባለ። ጠዋት ይነሳል፣ ጫማውን ያስራል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ከዚያ የትም አይሄድም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ። ምሳ ይዤለት ስሄድ "ብላ" ስለው ይበላል፤ "ይብቃህ" ስለው ያቆማል። "ወንድም ጋሼ፣ ጫማህን አውልቅና ጋደም በል" አልኩት። "ሊጠሩኝ ይችላሉ" አለኝ። ማን እንደሚጠራው አልጠየቅሁትም። ሰፈሩም እንደድሮው አይደለም። ደጁ ላይ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የሚሳደብ የለም፤ ቢሳደቡስ ይሻለኝ ነበር።

ቦታውን ታውቂዋለሽ፤ ከመጋዘኑ ወደ አደባባዩ የሚወርደው ቁልቁለት። ዝናቡ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም፤ እንዲህ ያለው የመጀመሪያ ዝናብ ዘይቱን ከአስፋልቱ እያወጣ ሳሙና ያደርገዋል። ልብስ ሰፊው የታጠፈ ልብስ በክንዱ ይዞ እየተሻገረ ነበር። ጎማው የተወው ጥቁር መስመር ረጅም ነው፤ በርምጃ ለክቼዋለሁ፣ ሃያ ሦስት።

ስለ መኪናው ላልሽው፦ ፍሬን ሸራው ባለፈው ዓመት የተቀየረ ነው። የፍሬን ዘይቱን ሁለት ዓመት ሳይሞላው እቀይራለሁ፤ ውሃ ሲጠጣ ውስጡን እንደሚያዝግ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። አራቱም ጎማ አንድ ቁጥር ነው። መርማሪው ደህና ነው ካለ ደህና ነው፤ እኔ ከሱ በላይ አላውቅም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የፊት የቀኝ ጎማ ሴንሰር ፈልጊልኝ፤ ያው የጎማውን ፍጥነት የሚያነበውን። ለአንድ ደንበኛ ነው፤ የዕቃውን ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። እዚህ አጥቻለሁ። ቶሎ ብትልኪው ደስ ይለኛል።

ቀጠሮው ለጥር 14 ነው።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 17

ለአጎቴ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ጉልበትህንም ይማርልህ።

ሴንሰሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። በራሴ እጅ ነው የፈታሁት፤ በመለኪያ አይቼዋለሁ፣ ይሠራል። ከመግጠምህ በፊት ግን አሮጌውን አውጥተህ ጫፉን እየው። ማግኔት ስለሆነ የብረት ብናኝ ይሰበስብና ማንበብ ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ በንጹሕ ጨርቅ ብትጠርገው ይድናል፤ ሰው ግን ሳያይ ይጥለዋል። ጥርሳሙን ቀለበትም ተመልከት፣ ዝገት ከሥሩ ሲገፋው ይሰነጠቃል። ገመዱን ደግሞ መሪው ሲዞር በሚታጠፍበት ቦታ በጣትህ ዳብሰው። ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ የተበጠሰ ስንት አይቻለሁ መሰለህ።

አሁን ልጠይቅህ። ስለ ሸራው ጻፍክልኝ። ስለ ዘይቱ ጻፍክልኝ። ስለ ጎማው ጻፍክልኝ። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ኤቢኤሱ ነበር።

ሌላም አለ። ይህ ሴንሰር ለአባዬ ዓይነት መኪና እንጂ ለሌላ አይገባም። እዚያ አገር እንዲህ ያለ መኪና ከአባዬ ሌላ ያለው ሰው አንድም አላውቅም ብለህ ታላግጥብኝ ነበር፤ "የሙዚየም ዕቃ ላክሽለት" ብለህ። ደንበኛህ ማን ነው?

መኪናው ፖሊስ ግቢ እንደቆመ ነግረኸኛል። ጥበቃው ያውቅሃል፣ ያስገባሃል። ግባና ይህን አድርግልኝ። ቁልፉን አዙር፤ ሞተሩን ግን አታስነሳ። የኤቢኤሱ መብራት ይበራል። ቁጠር። ጤነኛ ከሆነ ራሱን ይፈትሽና ሦስት አራት ስትል ሞተሩ ሳይነሳ ይጠፋል። ያየኸውን ብቻ ጻፍልኝ።

ለአባዬ ሰላም በልልኝ። እንድትጨምርለት የምፈልገው ቃል ነበረኝ፣ ጠፋብኝ። ሰላም ብቻ በለው።

የወንድምህ ልጅ


ጥር 24

ለወንድሜ ልጅ፣

ዘገየህ ብለሽ አትቆጪኝ። ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ አይዛል።

ሴንሰሩ ደርሶኛል። ደንበኛው ሐሳቡን ቀየረ።

ጥር 14 ቀርበን ነበር። ዳኛው ሌላ ጉዳይ በዛባቸውና ለሚያዝያ 28 አዘዋወሩት። ሦስት ሰዓት ኮሪደር ላይ ቆመን ዋልን። አባትሽ አግዳሚው ባዶ ሆኖ ሳለ አልቀመጥም አለ። ጠበቃው "አልፈጠንኩም፣ ሰውየው ድንገት ገባብኝ በሉ" ቢለው "ድንገት አልገባም፣ ከሩቅ አየሁት" አለው። ጠበቃው እኔን አየኝ። ምን ላርገው? ያንቺ አባት ነው፤ ውሸት ላስተምረው አልቻልኩም።

ፖሊስ ግቢ ሄጃለሁ። ባትሪው ሞቷል፤ ቁልፉን ቢያዞሩት ጭጭ ነው። ስለዚህ ያልሽውን ማየት አልቻልኩም።

ይልቅ የሆነውን ላውጋሽ። ባለፈው ሳምንት አባትሽ ልብስ ሰፊው ቤት ውሰደኝ አለኝ። ፈራሁ፤ ግን ወሰድኩት። ሚስትየው በሩን ከፍታ አየችን። ከዚያ "ግቡ" አለች። ገባን። ስፌት መኪናው ጨርቅ ለብሷል። ተቀመጥን። በኋላ ተነሳችና ከመደርደሪያው ላይ የተጣጠፈ ሱሪ አምጥታ ለአባትሽ ሰጠችው። "አሳጥሮ ጨርሶት ነበር" አለችው። ለካ የሱ ሱሪ እዚያ ነበር። አባትሽ ሊከፍል በልማድ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ፤ እንደከተተ ቀረ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ሱሪውን ይኸው እስከ ዛሬ ይለብሰዋል። ልኩ ነው።

ሴንሰር አያስፈልገኝም። ከቻልሽ የማንበቢያ መነጽርና የጉልበት ቅባት ላኪልኝ። ሴትዮዋም ሁለት ልጆች አሏት። እነሱን ሳይ ወደ ቤቴ መሄድ ያስጠላኛል።

አጎትሽ


የካቲት 12

አጎቴ፣

መነጽሩም ቅባቱም ተልኳል።

ጋራዥህ ግድግዳ ሥር አራት ባትሪ ተደርድሮ ይውላል፤ ልጅ ሆኜ እላዩ ላይ እየተቀመጥኩ ሱሪዬን በአሲድ ስበሳ የምትቆጣኝ አንተ ነበርክ። ባትሪ አጣሁ አትበለኝ።

ቁልፉን አዙር። ቁጠር። ጻፍልኝ። ሌላ ምንም እንዳትጽፍ፤ ስለ ሱሪም፣ ስለ ጉልበትም።


መጋቢት 5

ለወንድሜ ልጅ፣

ዛሬ የራሴን ባትሪ ተሸክሜ ሄድኩ። ጥበቃው "ለምን አልነገርከኝም፣ አግዝህ ነበር" አለኝ። ጨዋ ሰው ነው።

ባትሪውን አሰርኩ። ቁልፉን አዞርኩ። መብራቶቹ ሁሉ በሩ። ቆጠርኩ። አራት። አስር። ሃያ። ማቆም አቅቶኝ እስከ ስልሳ ቆጠርኩ። የኤቢኤሱ አልጠፋም። ከዚያ ሞተሩን አስነሳሁ። ከባትሪው መብራት ጋር እኩል ጠፋ።

አንቺ ይኼን ስታነቢ ገብቶሻል። እኔ ግን ልጨርሰው፤ ካሁን በኋላ ድፍረቱ አይኖረኝም። የኤቢኤሱን መብራት ሽቦ ቆርጬ ከባትሪው መብራት ጋር ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ቁልፍ ሲዞር ይበራል፣ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል። መርማሪም ቁልፍ አዙሮ ወዲያው ስለሚያስነሳ አይነቃበትም። መብራቱን ዝም ብሎ መንቀል ያስነቃል፤ ይኼ ግን አያስነቃም። ሠርቼዋለሁ ብዬ እንኳን ኮርቼበታለሁ፣ ምን አባቴ ልበልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት የካቲት የፊት የቀኙ ሴንሰር ገመድ ውስጡ ተበጠሰ። መብራቱ በራ፤ ኤቢኤሱም ሥራውን አቆመ። ዕቃው እዚህ የለም። ላንቺ ልጻፍ ስል አባትሽ "ልጄን አታስቸግራት፣ የላከችው መኪና ተበላሸ ብላ ታዝናለች" ብሎ ያዘኝ። ግን ራሱ እረፍት አጣ። በየጠዋቱ ይደውላል፤ "በራ። አሁንም በራ።" መኪናውን አቁሞ በእግሩ መሄድ ጀመረ። ዓመታዊ ምርመራውም ደረሰ። ቢያርፍልኝ ብዬ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ብዬ፣ ዕቃው እስኪገኝ ብዬ አሰርኩት። "ተሠራ?" አለኝ። "ተሠራ" አልኩት። ደስ ብሎት ወሰደው። ሌላ ሥራ መጣ፣ ሌላ መኪና ገባ፣ ረሳሁት። መብራት ካልበራ ማን ያስታውሳል?

ረግጠህ ያዝ ብለሽ እንዳስተማርሽው እያወቅሁ ነው። ሁለቱን አጋጥሜ አላሰብኩም። ኤቢኤስ የሌለው መኪና እርጥብ ላይ ረግጠሽ ከያዝሽው ይንሸራተታል። ይኼን ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

የላክሽው ሴንሰር ለማን እንደነበርም ልንገርሽ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ፖሊስ ግቢ ገብቼ ሹልክ ብዬ ልገጥመው፣ ሽቦውንም ወደነበረበት ልመልስ ነበር። ጥበቃው ብቻዬን ትቶኝ ሄደ፤ አመነኝ። ጎማው አጠገብ ተንበርክኬ ሴንሰሩን ይዤ ቆየሁ። አልገጠምኩትም። ጥሩ ሰው ሆኜ አይደለም፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 11

ለአጎቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ጤናዎን ይስጥዎት።

መልስ ለመጻፍ አምስት ጊዜ ተቀምጬ ተነስቻለሁ። መናደድ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። እንደ ሌላ ሰው ደብዳቤ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ የነገ ልብሴን አዘጋጀሁ።

እዚህ የምፈታቸው መኪናዎች ውስጥ እንደዚያ የታሰረ ሽቦ አገኛለሁ። ዳሽቦርዱን ሳወርድ በቴፕ የተጠቀለለ ቋጠሮ አያለሁ፤ ምን እንደሆነ ሳልፈታው አውቃለሁ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እንስቅበታለን። ስንስቅ ያሰረው ሰው ማን ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም።

እርስዎ መብራቱን አጠፉ። እኔ ደግሞ እግሩን አሰርኩት። ብቻዬን ብነዘንዘው ኖሮ መብራቱ ያስጠነቅቀው ነበር፤ እርስዎም ብቻዎን መብራቱን ቢያጠፉ ኖሮ እግሩ የድሮውን ያውቅ ነበር። ይህን እያሰብኩ ነው የምውለው። የእኔን ግን ማንም ፍርድ ቤት አይጠይቀኝም።

ለሚያዝያ 28 የምጽፈው ሌላ ነገር የለኝም፤ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ያውቃሉ። እኔ ለማንም አልናገርም። ደብዳቤዎንም ለዳኛ አልክም። አባዬ ከታሰረ እርስዎ እያወቁ ዝም ስላሉ ነው የሚታሰረው፤ ያንን ይዘው የሚኖሩት እርስዎ ነዎት። ሽቦውን አይንኩት። ቋጠሮውን እንዳለ መርማሪዎቹ ይዩት።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እንዲህ ያሰሩት የአባዬን ብቻ ነው? አሠራሩን ሲነግሩኝ እጅዎ የለመደው ይመስላል። ሌላ ስንት መኪና አለ?

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 18

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። አንቱ ብለሽኛል። ልክ ነሽ፤ አልተቀየምኩም።

ሚያዝያ 28 ተናገርኩ። ጠበቃው ስሜን ሲሰማ ስለ አባትሽ ጠባይ ልመሰክር መስሎት ነበር። ቆሜ "የኤቢኤሱን መብራት ያሰርኩት እኔ ነኝ" ስል ጸሐፊዋ መጻፏን አቁማ ቀና አለች። ዳኛው "ማን አዘዘህ?" አሉኝ። ማንም አልኩ። "ምን ተጠቅመህ?" አሉኝ። ምንም አልኩ። ያመኑኝ አልመሰለኝም። መርማሪው ተጠርቶ መኪናውን እንደገና አየው። ቁልፉን አዞረና ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ፤ አስራ አምስት ሲደርስ ድምፁ ቀነሰ። ዳሽቦርዱን አወረዱት። ቋጠሮዬ እዚያው ነበር።

ግንቦት 30 አባትሽን በነጻ አሰናበቱት። እኔ ላይ ክስ ተከፈተ። ጋራዡ ታሽጓል፤ ፍርዴ ሐምሌ 3 ነው፣ ጠበቃው ከሁለት ዓመት አያንስም ይላል። ነጻ ነህ ሲሉት አባትሽ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ክንዱን ይዤ አወጣሁት።

ደረጃው ላይ ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አየኝ። "ብትነግረኝ በድሮው እረግጥ ነበር" አለኝ። ምናለ ቢመታኝ ብዬ ተመኘሁ። እንደማይመታኝ አውቃለሁ። እጁን አንስቶ አያውቅም።

ሌላ ስንት አለ ላልሽው፦ አሥራ አንድ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ቁጭ ብዬ አስታወስኩ፤ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ የሠራሁትን። ካቻምና የተሸጠም አለ። በማግስቱ መዞር ጀመርኩ። እያንዳንዱ ቤት እሄዳለሁ፣ ያደረግሁትን እናገራለሁ፣ ሽቦውን ፈትቼ መብራቱን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። መብራቱ ይበራል። ያኔ ጭቅጭቁ ይጀምራል። አንዷ "ጤነኛ መኪናዬን አበላሽተህብኝ ልትሄድ ነው?" አለችኝ። ትምህርት ቤት ልጆች የሚያመላልሰው ሰውዬ አመሰገነኝና በማግስቱ ሌላ ጋራዥ ወስዶ መልሶ አስጠፋው። ሰምቼ ተመልሼ ሄድኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ከሦስተኛው መኪና ጀምሮ አባትሽ አብሮኝ ይዞራል። አልጠራሁትም። አንድ ጠዋት ስወጣ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በመንገድ አናወራም። እኔ ዳሽቦርዱ ሥር ስገባ እሱ ከባለቤቱ ጋር በሩ አጠገብ ይቆማል። ለሁሉም የሚለው አንድ ነው፤ "እስኪጠገን ድረስ እርጥብ ላይ ስትይዙ ረገጥ፣ ለቀቅ። ረገጥ፣ ለቀቅ።" በእግሩ መሬቱን እየመታ ያሳያቸዋል።

ዘጠኙን ጨርሰናል። አንዱ አገር ለቆ ሄዷል፣ መኪናውም አብሮት። የመጨረሻውን ትናንት አገኘነው፣ ያ አውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ የሚኖረው ሚኒባስ ነጂ። ቁልፉን አልሰጥም አለ። "አንተ ሊያስሩህ ነው፣ ነገ የለህም። መብራት በርቶ ማን ይሳፈርልኛል? የልጆቼን እንጀራ አትዝጋብኝ" አለኝ። አሥር ጊዜ ለመንኩት። በሩን ሊዘጋብኝ እጁን ሲዘረጋ አባትሽ ከኋላዬ መጣና በመሃላችን ገባ።

ሰውየው "አንተ ደግሞ ማን ነህ? ምን አገባህ?" አለው።

አባትሽ ኮቱን አስተካከለ። "ልብስ ሰፊውን የገደልኩት እኔ ነኝ" አለው።

ሰውየው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

አጎትሽ